ዕጣው የጋራ፣ ሸክሙ የአንዲት እናት

የክሮሞዞም ስሕተት የማንም ጥፋት ካልሆነ ወጪው ስለ ምን የአንድ ቤት ዕዳ ይሆናል?

አንድ ሕፃን ዳውን ሲንድረም ይዞ ሲወለድ፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እናቱ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ምን በላች? ምን መድኃኒት ወሰደች? የማን እርግማን አገኛት? ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ወገን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ልብስ ያቀርበዋል፤ ዲግሪና ሥራ ስታሳድድ ስለ ምን ይህን ያህል ዘገየች ይላል። ሁለቱም አንድ ግምት ይጋራሉ፤ የሆነው ነገር ጥፋት ነው፣ ጥፋት ደግሞ ባለቤት አለው የሚል ግምት ነው። ባዮሎጂ ይህን ግምት አይደግፍም። የኢኮኖሚክስ ትምህርትም በዚያ ግምት ላይ የተተከለውን የወጪ ክፍፍል የሚደግፍበት ምክንያት የለውም።

ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው። የሰውን ዘር ልዩ ልዩ የሚያደርገው ሥርዓት በተፈጥሮው የስሕተት ድርሻ ያለው ሥርዓት ነው። ከልዩነቱ የሚገኘው ጥቅም ለሁሉም ይደርሳል፤ ከስሕተቱ የሚመጣው ወጪ ግን ዕጣው በወደቀበት ቤት ላይ፣ በዚያም ቤት ውስጥ በእናቲቱ ላይ ይከመራል። ይህ የተፈጥሮ ግዴታ ሳይሆን የፖሊሲ ውሳኔ፣ ወይም የፖሊሲ እጦት ውጤት ነው። ይህን ለማሳየት ከሕዋሱ መነሣት ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ጊዜ መባዛት፣ ሁለት ጊዜ መከፈል

የሰው የአካል ሕዋስ በመደበኛው 46 ክሮሞዞሞች አሉት፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የተገኙ ናቸው። ቁጥሩ 46 መሆኑ የተረጋገጠው በ1956 ጆ ሂን ቲዮ እና አልበርት ሌቫን በስዊድን፣ ሉንድ ላይ ባከናወኑት ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመታት ያህል የመማሪያ መጻሕፍት 48 እያሉ ያስተምሩ ነበር። ልጅ ከሁለት ወላጆች የሚገኝ በመሆኑ ይህ ቁጥር በዘር ሕዋሳት ውስጥ በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ካልሆነ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያከናውነው ሚዮሲስ የተባለው የሕዋስ ክፍፍል ነው። ዲኤንኤው አንድ ጊዜ ይባዛል፤ ሕዋሱ ግን ሁለት ጊዜ ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ከእናትና ከአባት የመጡት ጥንድ ክሮሞዞሞች ይለያያሉ። በሁለተኛው ደግሞ የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች ተለያይተው ወደየፊናቸው ይሄዳሉ።

ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ሂደት ውስጥ በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ዕጣ ነው። ጥንዶቹ ሲለያዩ ከአያት የመጣው በየትኛው ወገን፣ ከሴት አያት የመጣው በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ የሚወስን ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ዕጣ ይጣልለታል። 23 ጥንዶች እያንዳንዳቸው ሁለት አማራጭ ሲኖራቸው ከአንድ ሰው 8,388,608 ዓይነት የክሮሞዞም ስብስብ ሊገኝ ይችላል። የሁለት ወላጆች ዕጣ ሲገናኝ ቁጥሩ ከ70 ትሪሊዮን ያልፋል። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድማማቾች በመልክ፣ በጠባይና በጤና የሚራራቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቁራጭ ልውውጥ ነው። ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ጎን ለጎን ተጠግተው በተመሳሳይ ቦታ ላይ ተቆርጠው ቁራጫቸውን ይለዋወጣሉ። ልውውጡ በአንድ የወንድ ዘር ፍሬ አፈጣጠር በአማካይ ከ25 በላይ ጊዜ፣ በሴት ዕንቁላል ደግሞ 40 ጊዜ ገደማ ይፈጸማል። አልፍሬድ ስተርተቫንት ገና ተማሪ ሳለ የልውውጡን ድግግሞሽ ለክቶ በ1913 የመጀመሪያውን የዘረ መል ካርታ አሳተመ። በ1931 ሃሪየት ክሬይተን እና ባርባራ ማክሊንቶክ የዘረ መሎቹ መለዋወጥ ከክሮሞዞሞቹ አካላዊ መለዋወጥ ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን በበቆሎ ላይ አሳዩ። በልውውጡ ምክንያት አንድ ሰው ለልጁ የሚያስተላልፈው ክሮሞዞም ከወላጆቹ ከተረከበው ከሁለቱም የተለየ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነው።

ይህ ልዩነት ለአንድ ሕዝብ ምን እንደሚሰጥ ለማወቅ እርሱ የጎደለበትን ነገር መመልከት ይጠቅማል። ገበያ ላይ የሚታወቀው ሙዝ ሦስት የክሮሞዞም ስብስብ የተሸከመ ነው፤ ሦስት ለጥንድ ስለማይመች ሚዮሲሱ ይሰናከላል፣ ፍሬውም ዘር አይኖረውም። ስለዚህ የሚራባው ከእናቲቱ ግርጌ በሚወጣ ችግኝ ነው፤ አንዱ ተክል ከሌላው አይለይም። ግሮ ሚሼል የተባለው የንግድ ሙዝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓናማ በሽታ ከዓለም ገበያ የጠፋው አንዱን የገደለ ፈንገስ ሁሉንም ስለሚገድል ነበር። የተተካው ካቨንዲሽ ዛሬ በዚያው በሽታ በሌላ ዝርያው ስጋት ላይ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሀብቱን በሙሉ በአንድ አክሲዮን ላይ ያዋለ ባለሀብት ማለት ነው። ሚዮሲስ በአንጻሩ የአንድን ሕዝብ ሀብት በየትውልዱ የሚያሰባጥር ሥርዓት ነው።

ስሕተቱ የሚፈጠርበት ቦታ

የቁራጭ ልውውጡ ከልዩነት ሌላ ሥራም አለው። የተለዋወጡት ጥንዶች በልውውጡ ነጥብ ላይ እንደ ቋጠሮ ተያይዘው ይቆያሉ፤ ወደ ሁለቱ የሕዋሱ ጫፎች ሲጎተቱም ሚዛናቸውን ጠብቀው በትክክለኛው ጊዜ እንዲለያዩ የሚያደርጋቸው ያ ቋጠሮ ነው። ልውውጥ ያልተደረገበት፣ ወይም ልውውጡ ከክሮሞዞሙ ጫፍ ወይም ከመካከለኛው ማሰሪያ እጅግ ተጠግቶ የተደረገበት ጥንድ በተሳሳተ መንገድ የመለያየት ዕድሉ ይጨምራል። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ፤ አንዱ ዕንቁላል 24፣ ሌላው 22 ክሮሞዞም ይይዛል። ይህን አለመለያየት ካልቪን ብሪጅስ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ በ1916 በዝርዝር አቅርቦታል። በሰው ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ደግሞ ዤሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲየ እና ሬሞን ቱርፓን በ1959 ዳውን ሲንድረም ካላቸው ልጆች ሕዋስ ውስጥ ሦስተኛ 21ኛ ክሮሞዞም አግኝተው አስታወቁ።

ልውውጡ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። ተመሳሳይ ጽሑፍ የተደጋገመበት የክሮሞዞም ክፍል ሳይገጥም ቢሰለፍ አንዱ ወገን ቁራጭ ይጎድልበታል፣ ሌላው ይተርፈዋል። በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚታወቀው የቁራጭ መጉደል፣ ብዙ ጊዜ ከልብ ችግር ጋር የሚመጣው፣ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለቱ ወላጆች ላይ የሌለ፣ በልጁ የጀመረ ነው።

የእናት ዕድሜ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የወንድ ዘር ፍሬ ከጉርምስና ጀምሮ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። የሴት ዕንቁላሎች ግን ሚዮሲሳቸውን የሚጀምሩት ሴቲቱ ራሷ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። ጥንዶቹ ተጠጋግተው ቁራጭ ከተለዋወጡ በኋላ ሂደቱ ይቆማል፤ ዕንቁላሉ ለመውጣት እስኪዘጋጅ ድረስ ለአሥራ አምስት፣ ለሠላሳ፣ ለአርባ ዓመት እንደ ቆመ ይቆያል። ሁለተኛው ክፍፍል የሚያበቃው ደግሞ የወንዱ ዘር ሲገባ ብቻ ነው። በ38 ዓመቷ የፀነሰች ሴት ዕንቁላሏ ክፍፍሉን የጀመረው በልጁ ሴት አያት ማኅፀን ውስጥ ነበር ማለት ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ክሮሞዞሞቹን አቅፈው የያዙት ኮሄሲን የተባሉ ፕሮቲኖች ይላላሉ፤ በበቂ መጠንም አይታደሱም። በዳውን ሲንድረም የመውለድ ዕድል በ25 ዓመት ከ1,300 አንድ ገደማ፣ በ35 ከ350 አንድ ገደማ፣ በ40 ከ100 አንድ ገደማ፣ በ45 ደግሞ ከ30 አንድ ገደማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮች መነበብ አለባቸው። አንደኛው፣ ዜሮ የሆነበት ዕድሜ የለም። ሁለተኛው፣ በ40 ዓመትም ቢሆን ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ያለዚህ ችግር ይወለዳሉ። በዚህ ላይ የአባት ወገን ነፃ አይደለም። ወንዶች ተጨማሪ ኤክስ ይዘው በሚወለዱበት በክላይንፈልተር ሲንድረም ተጨማሪው ክሮሞዞም በግማሽ ያህሉ ከአባት የመጣ ነው። ሴቶች ልጆች አንድ ኤክስ ብቻ ይዘው በሚወለዱበት በተርነር ሲንድረም ብዙውን ጊዜ የጠፋው የአባት ክሮሞዞም ነው፤ ይህም ከእናት ዕድሜ ጋር አይያያዝም። በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ አባት በዕድሜ በገፋ ቁጥር በየዓመቱ ሁለት ያህል አዳዲስ የዘረ መል ለውጦች ለልጁ እንደሚጨመሩ አሳይቷል። ስለ እናት ዕድሜ የሚወራውን ያህል ስለ አባት ዕድሜ አለመወራቱ የሳይንስ ውጤት አይደለም።

የስሕተቱ ስፋት በወሊድ ክፍል ከሚታየው ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉ ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ቁጥር መዛባት ያለባቸው ናቸው። ከባድ ዕቃ አንሥታ ነው፣ መንገድ በዝቶባት ነው ተብላ የተወቀሰች ሴት በአብዛኛው የተወቀሰችው ከመፀነሷ በፊት ወይም በፀነሰችበት ሰዓት በተከናወነ፣ የእጇ ባልሆነ ነገር ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር የማይደርስበት

በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ልማዱ በዘመናዊ ዘረ መል ትምህርት ዓይን ሲታይ ጥቅም አለው፤ ከሁለቱም ወላጆች ተመሳሳይ የተበላሸ ዘረ መል ሲገናኝ የሚመጡ በሽታዎችን ያርቃል። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ከ2004 ጀምሮ ለተጋቢዎች ግዴታ ያደረገው የሲክል ሴልና የታላሲሚያ ምርመራም የሚያነጣጥረው በዚሁ ዓይነት ውርስ ላይ ነው። ሚዮሲስ ውስጥ የሚፈጠር ያለመለያየት ስሕተት ግን ከሁለቱም አጥር ውጪ ነው። ሰባት ቤትም ቢቆጠር፣ ሰባ ቤትም ቢቆጠር አይገኝም፤ ምክንያቱም በዘር ሐረጉ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ልዩነት በተግባር ብዙ ነገር ይወስናል። «በዘራቸው አለ» የሚለው ሐሜት የልጁን ብቻ ሳይሆን የእኅቶቹንና የወንድሞቹንም የጋብቻ ዕድል ይነካል፤ ቤተሰቦች ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን የሚሰውሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እውነቱ ግን ዳውን ሲንድረም ካላቸው ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ የተወለዱት በአጋጣሚ በተፈጠረ አለመለያየት ነው። ሦስት ወይም አራት በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ተጨማሪው 21ኛ ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ይገኛል፤ ከነዚህም በከፊሎቹ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ወላጅ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ክሮሞዞምን በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ የሚያይ ምርመራ ነው። ምርመራው ለብዙኃኑ ቤተሰብ ከሐሜት ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ፣ ለጥቂቱ ደግሞ ለሚቀጥለው እርግዝና እውነተኛ ምክር ይሰጣል። ምርመራው በሌለበት ሁሉም በእኩል ይጠረጠራሉ።

ለመድን የተመቸ አደጋ

የኢኮኖሚክስ ትምህርት አንድን አደጋ በመድን ማካፈል መቼ እንደሚከብድ ሁለት ዋና ምክንያቶችን ያስቀምጣል። አንደኛው የጥንቃቄ መላላት ነው፤ ዋስትና ያለው ሰው ግድየለሽ ይሆናል የሚለው ስጋት። ሁለተኛው የመረጃ አለመመጣጠን ነው፤ አደጋ እንዳለባቸው የሚያውቁት ብቻ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ መድኑም ይከስራል። የሚዮሲስ ስሕተት የመጀመሪያውን ስጋት ከሞላ ጎደል አያስነሣም። መንግሥት የልብ ቀዶ ሕክምናውን ይሸፍንልኛል ብላ ክሮሞዞሞቿን በግድየለሽነት የምታለያይ ሴት የለችም። ሁለተኛው ስጋት የሚወገደው ደግሞ ማኅበሩ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከተመሠረተ፣ ሁሉም ግዴታ ከገባበት ነው። የዕጣው ውጤት ከታወቀ በኋላ የሚሸጥ መድን መድን አይደለም። የአሜሪካ ሕግ በ2008 በዘረ መል መረጃ ላይ ተመሥርቶ በጤና መድንና በሥራ ቅጥር አድልዎ እንዳይደረግ ከልክሎ ሳለ የሕይወት መድንን፣ የአካል ጉዳት መድንንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን ክፍት መተዉ ይህን ያስተምራል፤ ሕጉ ባልደረሰበት ቦታ ዕውቀት ወደ ማግለያ መሣሪያነት ሊለወጥ ይችላል።

ኢትዮጵያዊ ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። ዕድር በትክክል ይህ ነው። ሞት የማይቀር ቢሆንም በየትኛው ቤት መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበትም ብቻውን አይቀብርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የመድንን ሒሳብ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያስቀምጠዋል። የሚያስገርመው ይህ ጥበብ ለመቃብር ተዘርግቶ ለልደት አለመዘርጋቱ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ጎረቤት፣ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ሲወለድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። እናቲቱ ሥራዋን ትተዋለች፤ ገቢ በሚቀንስበት ቤት ወጪ ይጨምራል፤ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በሒሳብ የማይዘግቡት የሃያና የሠላሳ ዓመት የእንክብካቤ ጉልበት ከአንዲት ሴት ይወሰዳል።

ሥርዓት ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥ ለማየት የአሜሪካን ልምድ መመልከት ይቻላል። በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለው ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ተጠግቷል። በመካከሉ 21ኛው ክሮሞዞም ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው የልብ ቀዶ ሕክምና ለነዚህ ልጆች አይገባም የሚለው አስተሳሰብ መቅረቱ፣ ከወላጅ ተነጥለው በተቋም መዘጋታቸው መቆሙ፣ በ1975 የወጣው ሕግም የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በር ማስከፈቱ ነው።

የምርመራው ስሌት

በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲወያዩ ወሬው ቶሎ ወደ አንድ መሣሪያ ያዘነብላል፤ ወደ እናት ደም ምርመራ። ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ በ1997 የፅንሱ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ፤ ከ2011 ጀምሮም ምርመራው ለገበያ ቀረበ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ነፍሰ ጡሮች ያውቁታል። ይህንኑ ወደ አገር ቤት ማስገባት ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ሆኖ የሚታያቸው ጥቂቶች አይደሉም።

ቅደም ተከተሉ ግን ሊመረመር ይገባዋል። ምርመራው የልየታ ምርመራ እንጂ የማረጋገጫ ምርመራ አይደለም። ለስሌት ያህል ምርመራው ችግር ካለባቸው 99 በመቶውን ይለያል፣ ችግር ከሌለባቸው ደግሞ በሺህ አንዱን በስሕተት «አለባት» ይላል እንበል። የእያንዳንዷ ዕድል ከሺህ አንድ የሆነ 100,000 ወጣት ነፍሰ ጡሮች ቢመረመሩ፣ እውነተኛ ሆነው የሚለዩት 99 ሲሆኑ በስሕተት የሚጠረጠሩትም 100 ያህል ናቸው። «አለባት» ከተባሉት ግማሾቹ የለባቸውም ማለት ነው። ዕድላቸው ከመቶ አንድ በሆነ በ40 ዓመት ሴቶች መካከል ግን ያው ምርመራ 990 እውነተኛና 99 የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል፤ አሥር «አለባት» ቢል ዘጠኙ እውነት ነው። ማሽኑ ያው ነው፤ የውጤቱ ትርጉም ግን በሴቲቱ ዕድሜ ይለያያል። ስለዚህ ከልየታው በኋላ የእንሽርት ውኃ ወስዶ የሚያረጋግጥ ሐኪምና ውጤቱን በቋንቋዋ የሚያስረዳት አማካሪ ከሌለ ምርመራው ድንጋጤን ብቻ ያከፋፍላል።

ከዚህ የጠለቀ ችግርም አለ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንሱ ሊድን የማይችልና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል፤ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2010 አጽድቃለች። በእነዚህ ሕጎች ላይ የሚሰጠው የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ፍርድ የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ወገን ሊስማማበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ልየታ ቀድሞ መጥቶ ሕክምናው፣ ትምህርት ቤቱና ድጎማው ካልመጣ ለእናቲቱ የቀረበላት ምርጫ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዴንማርክ ከ2004 ጀምሮ ልየታን ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ ስታቀርብ ከጀርባው የተሟላ የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና ነበረ፤ እንዲያም ሆኖ ምርጫው ምን ያህል ነፃ ነው የሚለው ክርክር እዚያም አላበቃም። ዋስትናው በሌለበት አገር ክርክሩ የባሰ ይሆናል።

የቅድሚያ ጥያቄ

ለዚህ አቋም ከባዱ ተቃውሞ የድህነት ተቃውሞ ነው። ወባ፣ የምግብ እጥረትና የእናቶች ሞት ባሉበት አገር ከሺህ አንድ ለሚደርስ ችግር ገንዘብ መመደብ ቅንጦት ነው ይላል። ተቃውሞው በቅንነት መመዘን አለበት። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ከሺህ አንድ ብቻ ቢባል እንኳ ዳውን ሲንድረም ብቻውን በዓመት ከ3,000 በላይ ቤቶችን ይነካል። ነገሩ የዘገየ ወሊድ ያላቸው ከተሜዎች ጉዳይ ነው የሚለው ግምትም ልክ አይደለም። በ2016 የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት የአንዲት ሴት አማካይ የልጆች ቁጥር በአዲስ አበባ 1.8፣ በገጠር ግን 5.2 መሆኑን መዝግቧል። አምስትና ስድስት ልጅ የምትወልድ የገጠር እናት የመጨረሻ ልጆቿን የምትወልደው ብዙ ጊዜ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። የዕንቁላሏ ዕድሜ በለንደን ወይም በዋሽንግተን በ39 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ከምትወልደው ጠበቃ ዕንቁላል ዕድሜ አይለይም፤ የሚለየው ዙሪያዋ ያለው ሥርዓት ነው።

ተቃውሞው ሁለተኛም ጉድለት አለው፤ ወጪዎቹ የሚሻሙ አድርጎ ያስባል። ዳውን ሲንድረም ካላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልደት ጀምሮ የልብ ችግር አለባቸው። ከነዚህ አንዳንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተጠገነ የሳንባ ደም ሥሮች ይጎዱና ቀዶ ሕክምናው የሚቻልበት ጊዜ ያልፋል። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ልጁን በተወለደ በቀናት ውስጥ አጥርታ የምታይ አዋላጅ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ፣ ወደ ልብ ምርመራ የሚወስድ የሪፈር መስመር ነው። ያው አዋላጅ፣ ያው መሣሪያና ያው መስመር ክሮሞዞማቸው ያልተዛባ ሕፃናትንም ከሞት ያድናሉ። የታይሮይድ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ በጊዜ የታወቀ የታይሮይድ እጥረት በርካሽ ክኒን ይታከማል፣ ያልታወቀው ግን በማንኛውም ሕፃን አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

መከላከል የሚቻለውንና የማይቻለውን መለየትም የፖሊሲው አካል ነው። የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለቶች ከክሮሞዞም ስሕተት የተለዩ ናቸው፤ ብዙዎቹ በፎሊክ አሲድ ይቀራሉ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በዱቄት ውስጥ እንዲጨመር ግዴታ ያደረገችው ለዚህ ነው። እዚያ መከላከል ቅድሚያ ይገባዋል። ያለመለያየት ስሕተትን ግን የሚከለክል ክኒንም ምግብም የለም። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በ40ዎቹ ዕድሜ ያልታሰበ እርግዝናን በመቀነስ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። የማይጠፋ አደጋ የሚጠይቀው ማካፈልን ነው።

በዚህ ሚዛን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሆናል። መጀመሪያ የተወለዱትን መቀበል፤ የአዋላጆችና የሕፃናት ሐኪሞች ሥልጠና፣ የልብና የታይሮይድ ምርመራ፣ ክሮሞዞም የሚቆጥሩ ላቦራቶሪዎች በክልል ሪፈራል ሆስፒታሎች። ቀጥሎ ወጪውን ማካፈል፤ በ2011 በሙከራ ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከልደት ጀምሮ ያሉ ችግሮችን በጥቅም ዝርዝሩ በግልጽ እንዲያካትት፣ ለተንከባካቢዋ እናትም ከማኅበራዊ ዋስትና ድርሻ እንዲመደብ ማድረግ። የእርግዝና ልየታ መምጣት ያለበት ከነዚህ በኋላ፣ ከአማካሪዎቹ ጋር ነው።

በውጭ የሚኖረው ባለሙያ በሦስቱም ላይ የሚሠራው አለው። የክሮሞዞም ምስል በኮምፒዩተር የሚላክ በመሆኑ በሚኒያፖሊስ ወይም በፍራንክፈርት የተቀመጠ የላቦራቶሪ ባለሙያ በባሕር ዳር ወይም በጅማ የተዘጋጀን ናሙና ሊያነብና የጀማሪውን ባልደረባ ንባብ ሊያርም ይችላል። የዘረ መል አማካሪዎች በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ለወላጆች የሚሰጥ አጭር ማብራሪያ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ በወሊድ ማግስት የምትሰማው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እናቲቱን ለዓመታት ይከተላታልና። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚሠራው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ጠባቂዎች አሉት፤ ለአንድ ጊዜ ከሚደረግ መዋጮ ይልቅ በየዓመቱ የሚታወቅ፣ ሊታቀድበት የሚችል ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የቀረበው ሥራ ግን ምንም ሚኒስቴር አይጠይቅም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን በየጊዜው ያሻሽላሉ። አስከሬን ወደ አገር ቤት ስለመላክ የሚደነግገው አንቀጽ አጠገብ፣ በአባል ቤት ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ሲወለድ በመጀመሪያው ዓመት ስለሚሰጥ ድጋፍና ተራ ገብቶ እናቲቱን ስለሚያሳርፍ አባል የሚደነግግ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሐሳብ ለማቅረብ የሚያስፈልገው አንድ እጅ የሚያወጣ አባል ብቻ ነው።